ራስ ደስታ ዳምጠው፦ ከገናሌ እስከ ጎጌቲ

የዛሬው ዝግጅታችን በጣሊያን ወረራ ዘመን በደቡብ ግንባር ስለተዋጉና ሕይወታቸውን ስለሰጡ አንድ የጦር መሪ ነው። ስማቸው ራስ ደስታ ዳምጠው ይባላል። አዲስ አበባ ደርሶ የሚያውቅ ሰው በስማቸው የተሰየመውን ሆስፒታል ሳይሰማ አይቀርም። ብዙዎቻችን ግን ስሙን የምናውቀው በሆስፒታሉ ብቻ ነው። ሰውየው ማን ነበሩ፣ የት ተዋጉ፣ እንዴትስ ወደቁ ቢባል መልሱ አፋችን ላይ አይገኝም።

ልጆቻችን ትምህርት ቤት ዓድዋን ይማራሉ፣ ማይጨውን ይማራሉ፣ የካቲት 12ን ያስባሉ። ደግ ነው። የደቡቡ ግንባር ግን በሁለት መስመር ይታለፋል። ይህ ነገር ያስቆጨኛል። በተለይ እዚህ አርሲ ላይ ሆነን መታለፉ ያስቆጫል፤ ምክንያቱም የዚያ ጦር የመጨረሻ ጉዞ ከእኛ ደጋ ግርጌ፣ ከሐይቆቻችን አጠገብ ነው ያበቃው።

ሰማዩ በጠራ ቀን ከአሰላ አፋፍ ቆማችሁ ወደ ምዕራብ ብትመለከቱ ሜዳው ቁልቁል ተዘርግቶ የዝዋይ ሐይቅ ሲያበራ ይታያችኋል። ከሐይቁ ማዶ በጭጋግ የተሸፈነው ሰማያዊ ተራራ የጉራጌ አገር ነው። ቡታጅራ ከዚያ ተራራ ሥር ናት። ራስ ደስታ የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. የተረሸኑት በዚያ በመስቃን ምድር፣ ቡታጅራ አጠገብ ነው። እንግዲህ ዛሬ የምናወራው ሩቅ አገር ስለሆነ ነገር አይደለም፤ ጭላሎ ጫፍ ላይ ከብት የሚጠብቅ እረኛ በዓይኑ ስለሚያየው አገር ነው።

(አጭር ዜማ)

ከአባታቸው እንጀምር። ፊታውራሪ ዳምጠው በ1887 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ወደ ሩሲያ የላኩትን መልእክተኛ ቡድን መርተው ሴንት ፒተርስበርግ የደረሱ ሰው ነበሩ። ተመልሰው ብዙም አልቆዩም። በተከታዩ ዓመት፣ በ1888 የካቲት፣ ዓድዋ ላይ ወደቁ። ያን ጊዜ ደስታ ገና ሕፃን ነበሩ። የካቲት ወር የአባትንም የልጅንም ሞት ያየ ወር ሆነ፤ በሁለቱ መካከል አርባ አንድ ዓመት አለ፤ ጠላቱም ያው አንድ ጠላት ነው።

ደስታ በቤተ መንግሥት አደጉ። ኋላም የተፈሪ መኮንንን፣ የኋላውን የአፄ ኃይለ ሥላሴን፣ ሴት ልጅ ልዕልት ተናኘወርቅን አገቡ። በማዕረግ ላይ ማዕረግ እየጨመሩ የሲዳሞና የቦረና ገዥ ሆኑ፤ መቀመጫቸውም ይርጋለም ነበር። በ1925 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ ልዩ መልእክተኛ ሆነው ባሕር ተሻግረው አሜሪካ ሄዱ። ዋሽንግተን ላይ ፕሬዝዳንት ሩዝቬልት ተቀበሏቸው፤ ቺካጎ ላይ ያን ጊዜ ይታይ የነበረውን የዓለም ትርኢት ጎበኙ። ካባ ለብሰው፣ ኒሻን ደርድረው የተነሷቸው ፎቶግራፎች በየጋዜጣው ወጡ። ያን ጊዜ ላያቸው ሰው፣ እኒህ መኮንን ከአራት ዓመት በኋላ ስንቅ አልቆባቸው፣ ቆስለው በጫካ ውስጥ ይታደናሉ ቢባል ማን ያምን ነበር?

ይህን ያነሳሁት ምቾታቸውን ለማሳየት ብቻ አይደለም። በኋላ የመረጡትን ነገር ለመመዘን ምን ትተው እንደመረጡት ማወቅ ያሻል።

በ1928 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ጣሊያን ጦርነቱን ሲከፍት ዓለም ዓይኑን የተከለው በሰሜኑ ግንባር ላይ ነበር። ጋዜጠኛውም፣ የፊልም ካሜራውም፣ ወሬውም ወደ ትግራይ ያመዝን ነበር። በደቡብ ግን ከጣሊያን ሶማሊያ በኩል ጄኔራል ሮዶልፎ ግራዚያኒ ሌላ ጦር አሰልፎ ነበር። በእርሱ ላይ የተሰለፈው የኢትዮጵያ ኃይል ሁለት ክንፍ ነበረው። አንዱ በኦጋዴን በደጃዝማች ነሲቡ ሥር የነበረው ነው። የአርሲው ገዥ ደጃዝማች አምደ ሚካኤል የአርሲን ጦር ይዘው የተሰለፉት በዚህ ክንፍ ነው። ከዚህ ከቀዝቃዛው ደጋ ተነስቶ፣ ገብስ እያጨደ ያደገ ገበሬ፣ የኦጋዴን ጠራራ ላይ ቀን ከሌት አውሮፕላን ሲያጓራበት ማሰብ ነው። ሁለተኛው ክንፍ የራስ ደስታ ነው። ይህ ክንፍ ከይርጋለም ወደ ገናሌ ወንዝ፣ ከዚያም ወደ ዶሎ ይወርዳል። ዓላማው ድንበሩን ተሻግሮ ግራዚያኒን በራሱ መሬት መግጠም ነበር።

በሁለቱ ክንፎች መካከል የባሌው ገዥ ደጃዝማች በየነ መርዕድ ነበሩ። እርሳቸውም የንጉሠ ነገሥቱ አማች ናቸው፤ ልዕልት ሮማነወርቅን አግብተዋል። የባሌን ጦር ይዘው ዋቤ ሸበሌን ተከትለው ወርደው በጦርነቱ የመጀመሪያ ወራት ተዋጉ፣ ክፉኛም ቆሰሉ። ዋቤ ሸበሌ ከየት ይነሳል? ከእኛው ከአርሲና ከባሌ ደጋ ነው። በዶዶላና በአዳባ ሜዳ የምታቋርጡት ያ ወንዝ ነው ወደ ታች ወርዶ የጦር ሜዳ የሆነው። ይህን መልካም አድርጋችሁ ያዙልኝ፤ የደቡብ ግንባር ካርታ የሚሳለው በእኛ ተራሮች ውኃ ነው።

ከይርጋለም እስከ ዶሎ ያለው መንገድ በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚቆጠር ነው። የራስ ደስታ ወታደር ይህን የሄደው በእግሩ ነው። ስንቁ በስልቻ የታሰረ በሶና ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ጥቂት ጨውና በርበሬ ነው። እርሱን የሚጭነው አጋሰስ ነው፣ በቅሎ ነው፣ አህያ ነው። ሚስቶችና ገረዶች ከጦሩ ኋላ ድስትና የወፍጮ ድንጋያቸውን ተሸክመው ይከተላሉ፤ ሰፈር በተሠራ ቁጥር ውኃ የሚቀዱት፣ እሳት የሚያነዱት፣ የቆሰለ የሚያነሱት እነርሱ ናቸው። ስለ ዘመቻ በሚጻፈው ሁሉ የእነርሱ ስም ሲጠራ አይሰማም። ወደ ቆላው እየወረዱ ሲሄዱ መጀመሪያ የሞቱት የጭነት ከብቶቹ ናቸው። ከብቶቹ ሲሞቱ ስንቅ ኋላ ቀረ። ስንቅ ኋላ ሲቀር ወባና ተቅማጥ ደጋ ያደገውን ሰው ያረግፉት ጀመር። ጦሩ ጠላትን ሳያይ መሳሳት ጀመረ።

በዚያኛው ወገን ደግሞ ግራዚያኒ የሰበሰበው የጭነት መኪና ነው። ከመኪናዎቹም ብዙዎቹ የአሜሪካ ስሪት ነበሩ። አሜሪካ ለሁለቱም ተዋጊዎች የጦር መሣሪያ አልሸጥም ብላ ሕግ ብታወጣም፣ ሕጉ መኪናና ነዳጅን አይከለክልም ነበር። የመንግሥታቱ ማኅበር በጣሊያን ላይ ማዕቀብ ሲጥልም ነዳጅን ከማዕቀቡ ውጭ ተወው። መድፍና ጥይት የከለከለ ዓለም ለጠላት ጎማና ቤንዚን ለቀቀለት ማለት ነው። በቆላ ጦርነት ከመድፍ ይልቅ የሚያሸንፈው ውኃ የሚያመላልስ መኪና መሆኑን የተረዳው ግራዚያኒ ነበር።

ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በዶሎ አቅጣጫ መልካ ዲዳ በሚባል ስፍራ የደረሰውን ደግሞ ስሙት። ከራስ ደስታ ጦር ኋላ ድንኳኑን የተከለ የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ ነበር፤ መሪው ዶክተር ፍሪደ ሂላንደር ይባላሉ። ቀይ መስቀሉ ከሰማይ እንዲታይ ሆኖ ተዘርግቷል። የጣሊያን አውሮፕላኖች መጥተው በድንኳኖቹ ላይ ቦምብ አዘነቡ። አልጋ ላይ የነበሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቁስለኞች እዚያው አለቁ። ዶክተሩ ቆሰሉ፤ ጉናር ሉንድስትሮም የሚባል ስዊድናዊ ረዳታቸው ሞተ። ጣሊያኖች ምክንያት ሲጠየቁ ደጋሐቡር አካባቢ ወድቆ የተገደለ አንድ አብራሪያቸውን ጠቀሱ። አልጋ ላይ የተኛ ቁስለኛ ለዚያ ምን ዕዳ ነበረበት? በዚያው ወር በገናሌ ዳር በሰፈረው ጦር ላይ የሰናፍጭ ጋዝም ተጥሏል፤ ኢትዮጵያም ጣሊያንም ይህን መርዝ የሚከለክለውን የጄኔቫ ስምምነት የፈረሙ ነበሩ።

ጥር 3 ቀን ግራዚያኒ ጥቃቱን ጀመረ። የራስ ደስታ ወታደሮች ቀናት በሙሉ ተዋጉ። ከጠላት ወገን የነበሩ ኤርትራውያን ወታደሮችም በመቶዎች ከድተው ከኢትዮጵያ ጋር ቆመዋል፤ ይህ ራሱን የቻለ ታላቅ ታሪክ ነው፣ አንድ ቀን ለብቻው እናነሳዋለን። ነገር ግን ጦሩ ከወንዙ ከተገፋ በኋላ ውኃ የለውም። የጣሊያን ታንክና መኪና የውኃ ጉድጓዶቹን ቀድሞ ያዘ። ሰው በጥም ተቃጠለ፣ በየቁጥቋጦው ሥር ወደቀ። ወደ ወንዝ የሚሄደው ሰው መትረየስ ይጠብቀዋል፣ የማይሄደው በጥም ይሞታል። ጥር 11 ቀን፣ በጥምቀት ዕለት፣ የጣሊያን ጦር ነገሌ ገባ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውስ፤ ይህ ነገሌ የቦረናው ነገሌ ነው፣ የእኛው አርሲ ነገሌ አይደለም። ግራዚያኒ በኋላ ከጣሊያን ንጉሥ የተቀበለው የመኳንንት ማዕረግ «የነገሌ ማርኪስ» የሚል ነበር። የተሰጠውም በዚህ ድል ነው።

(አጭር ዜማ)

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ከአዲስ አበባ ወጡ፤ ከሦስት ቀን በኋላ የጣሊያን ጦር አዛዥ ባዶሊዮ ገባ። የራስ ደስታ ባለቤት ልዕልት ተናኘወርቅ ልጆቻቸውን ይዘው ከንጉሣዊው ቤተሰብ ጋር ወደ ኢየሩሳሌም፣ ከዚያም ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ። እንግዲህ አስቡት። ሚስት ባሕር ማዶ ናት፣ ልጆች ባሕር ማዶ ናቸው፣ አማት ባሕር ማዶ ናቸው። ራስ ደስታ ያሉት ሲዳሞ ነው፤ የኬንያ ድንበር ከእርሳቸው ወደ ደቡብ ነው። በዚያ ድንበር ብዙ ሰው ተሻግሯል፣ እንግሊዞችም በስደተኛነት ተቀብለውታል። ራስ ደስታ ቢሻገሩ ማንም «ለምን?» ብሎ አይጠይቃቸውም ነበር። ንጉሡ የሄዱበትን መንገድ ሄዱ ይባል ነበር፤ በቃ።

አልሄዱም። ክረምቱን ይርጋለም ላይ ሆነው የተበተነውን ጦር መሰብሰብ ጀመሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ከገናሌ ሽንፈት በኋላ ለእርዳታ የላኳቸው ደጃዝማች ገብረማርያም ጋሪ ከእርሳቸው ጋር ነበሩ። የባሌው ደጃዝማች በየነ መርዕድም፣ ቁስላቸው ድኖ፣ በኋላ ተቀላቀሉ። ሙሶሊኒ በግንቦት 1 «ኢትዮጵያ የጣሊያን ናት» ብሎ ሮም ላይ ሲያውጅ፣ ሲዳሞ፣ ባሌ፣ አብዛኛው ምዕራብና ሰፊው የገጠር ምድር ገና አልተያዘም ነበር። ጣሊያኖች በድርድር ሊያስገቧቸው ሞክረዋል። ራስ ደስታ እጄን አልሰጥም አሉ። እኔ እንደማምነው የዚህ ሰው ታላቅነት የሚለካው በገናሌ ውጊያ አይደለም፤ ገናሌ ላይ ተሸንፈዋል። ታላቅነታቸው ያለው ከሽንፈቱ በኋላ ባሉት በእነዚያ ወራት ውስጥ ነው።

ይህን ስናወራ ግን አርሲ ላይ ሆነን የምናወራ ሰዎች ሌላም እውነት ማንሳት አለብን። የአርሲ ሕዝብ የራሱ የነፃነት ጦርነት ነበረው። ከ1874 እስከ 1879 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ራስ ዳርጌ እየመሩት የመጣውን የሸዋ ጦር የአርሲ ኦሮሞ በጦርና በጋሻ ተከላክሎታል። በ1878 መጨረሻ ላይ አዙሌ ላይ በሺህ የሚቆጠር ሰው በጠመንጃ አለቀ። ራስ ደስታ በ1929 በዚህ አካባቢ ሲያልፉ ያንን በዓይናቸው ያዩ አዛውንቶች ገና በሕይወት ነበሩ። ከዚያ በኋላም መሬቱ ለነፍጠኛ ተሰጥቶ፣ ባለመሬቱ ገባር ሆኖ ኖሯል። ጣሊያን ይህን ቁስል ያውቅ ነበር። አርሲንና ባሌን ወደ ሐረር ግዛት ጠቅልሎ፣ አስተዳደሩን በጎሳ ሸንሽኖ፣ «ከገዥዎቻችሁ ነፃ ላወጣችሁ መጣሁ» እያለ ሰበከ። አንዳንዱ ሰው ሰበካውን ተቀበለ፤ የተቀበለበትን ምክንያት ሳያውቁ መፍረድ ቀላል ነው። አንዳንዱ ደግሞ «የአገሬን ሰው ጉዳይ ከአገሬ ሰው ጋር እጨርሳለሁ፣ ባዕድ ግን አይገዛኝም» ብሎ አርበኛ ሆነ፣ አርበኛም ደበቀ፣ አበላ። የአዙሌን ሙታን ማክበርና ከራስ ደስታ ጋር ጎጌቲ ላይ የወደቁትን ማክበር እርስ በርሱ አይጣላም። ሁለቱም ወራሪን የተጋፈጡ ሰዎች ናቸው። ታሪክን ለልጆቻችን ስናስተምር አንዱን ለመናገር ሌላውን መደበቅ የለብንም።

ክረምቱ ሲያልፍ ጣሊያን ኃይሉን ወደ ደቡብ አዞረ። ከአዲስ አበባ በሐይቆቹ በኩል፣ ከደቡብም በነገሌ በኩል፣ ጦር በየአቅጣጫው ወደ ይርጋለም ገሰገሰ። ኅዳር 22 ቀን 1929 ዓ.ም. ይርጋለም ወደቀች። ራስ ደስታና ደጃዝማች ገብረማርያም ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አርቤጎና ደጋ ወጡ። አርቤጎናን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ቀርከሃና እንሰት የሞላበት፣ ጭጋግ የማይለቀው፣ ከእኛው ከኮኮሳና ከነንሰቦ ጋር የሚዋሰን አገር ነው። በዚያ ደጋ ሳምንታት ተዋጉ።

በዚሁ ጊዜ ሌሎቹ ትላልቅ መሪዎች አንድ በአንድ ከሜዳው ጠፉ። በምዕራብ ራስ እምሩ በታኅሣሥ ጎጀብ ወንዝ ላይ ተከበው እጅ ሰጡ፤ ወደ ጣሊያን ተጋዙ። በሰላሌ የራስ ካሣ ልጆች፣ አበራና አስፋወሰን፣ «አይነኩም» በሚል ቃል እጅ ሰጥተው ፍቼ ላይ ተገደሉ። ጥር ሲገባ ከቀድሞው መደበኛ ጦር ቆሞ የቀረው የራስ ደስታ ቡድን ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ግራዚያኒም ያን ጊዜ የጣሊያን ንጉሥ እንደራሴ ሆኖ አዲስ አበባ ተቀምጧል። ገናሌ ላይ ያሸነፋቸውን ሰው አሁን በእልህ ነው የሚያሳድደው።

ጥይት እያለቀ፣ ሰው እየሳሳ ጦሩ ከደጋው ወርዶ ወደ ሐይቆቹ ምድር አቀና። ይህ ምድር ለጥ ያለ ነው፤ ግራር እንጂ ደን የለውም፤ አውሮፕላን ከላይ ሲያይ አንድ የሚሸሽ ሰው እንኳ አይሰወርበትም። ደጋውን ትቶ ወደ ሜዳ መውጣት ለምን ተመረጠ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ጉራጌና ወደ ሸዋ የሚያሻግረው መንገድ ይኸው ስለሆነ ነው። ራስ ደስታ የተወለዱትም በመስቃን አገር ነው ይባላል፤ ሰው በጨነቀው ጊዜ እግሩ ወደሚያውቀው አገር ይመራዋል። ጣሊያኖች መሻገሪያውን በየአቅጣጫው ዘጉት።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጎጌቲ በተባለ ስፍራ የመጨረሻው ውጊያ ተደረገ። ቀኑን ልብ በሉልኝ። በዚያው ዕለት አዲስ አበባ ላይ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ፤ ለሦስት ቀን የቆየው ጭፍጨፋም ጀመረ። ማንም ተማክሮ ያደረገው አልነበረም። ጎጌቲ ላይ ያለው ወታደር አዲስ አበባ ምን እየሆነ እንደነበር አያውቅም፤ አዲስ አበባ የሚታረደውም ሕዝብ ጎጌቲን አልሰማም። ጎጌቲ ላይ ደጃዝማች ገብረማርያም ወደቁ። ደጃዝማች በየነ መርዕድ ተማርከው ተረሸኑ። ራስ ደስታ ቆስለው ከከበባው አመለጡ።

አምስት ቀን ሸሹ። ቁስል አለባቸው፣ አጠገባቸው ያሉት ጥቂት ናቸው፣ አሳዳጁ ደግሞ መንገዱን፣ ቋንቋውን፣ ኮቴውን የሚያውቅ የአገር ልጅ የሆነ ባንዳ ነው። የካቲት 17 ቀን ያዟቸው፤ በዚያው ቀን ረሸኗቸው። ከመረሸናቸው በፊት ከያዟቸው ሰዎች ጋር የተነሱት ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ አለ። አዲስ አበባ ላይ ደም እየፈሰሰ ስለነበር ምንም የፍርድ ቤት ሥርዓት አልተጠበቀም፤ የጦር ምርኮኛ ሕግም አልተጠቀሰም። ኒሻን ለብሰው ዋሽንግተን የገቡት ሰው በመስቃን ሜዳ ላይ ወደቁ።

(አጭር ዜማ)

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልንገራችሁ። የደጃዝማች በየነ መርዕድ ባለቤት ልዕልት ሮማነወርቅ ከልጆቻቸው ጋር ተይዘው ወደ ጣሊያን፣ አሲናራ ወደምትባል የእስረኞች ደሴት ተጋዙ። በ1933 ዓ.ም. ጥቅምት፣ ነፃነት ሊመጣ ወራት ሲቀሩት፣ ቱሪን ከተማ ውስጥ አረፉ። ከልጆቻቸው ሁለቱ አገራቸውን ሳያዩ ሞቱ።

በ1933 ሚያዝያ የእንግሊዝ የምሥራቅ አፍሪካ ጦር ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ወረደ። አሰላንም በዚያ ወር አስለቀቀ፤ የበልጉ ዝናብ መንገዱን ጭቃ አድርጎት መኪናዎቹ በዚህ በእኛ ዳገት ላይ በሰው ጉልበት ነበር የሚገፉት። ግንቦት ላይ ሻሸመኔ ተያዘች። ግንቦት 11 ቀን አላባ ቁሊቶ አጠገብ፣ ብላቴ ወንዝ ላይ፣ በኬንያ የተወለደ ናይጄል ሊኪ የሚባል ሳጅን በሚጓዝ የጣሊያን ታንክ ላይ ዘሎ ወጥቶ፣ ክዳኑን ከፍቶ፣ ወታደሮቹን ገድሎ ታንኩን ማረከ። ሌላ ታንክ ሊማርክ ሲል ተገደለ። በ1938 ዓ.ም. ኅዳር እንግሊዝ ለጀግና የምትሰጠውን ከፍተኛውን ኒሻን፣ ቪክቶሪያ ክሮስን፣ ለቤተሰቡ ሰጠች። ይህን የጠቀስኩት የአንድ ሳጅን ሥራ በቀን፣ በሰዓት፣ በቦታ እንዴት ተመዝግቦ እንደተቀመጠ እንድታዩ ነው። አገሩ ጽፋ አኖረችው። በዚሁ ሜዳ አራት ዓመት ቀደም ብሎ የወደቁት የገብረማርያም፣ የበየነና የደስታ ወታደሮች ግን ስማቸው በየቤተሰቡ አፍ ላይ ካልሆነ በቀር የትም የለም።

መሪዎቹ ስም አግኝተዋል። አዲስ አበባ ላይ ራስ ደስታ ዳምጠው ሆስፒታል አለ። ከነፃነት በኋላ የተከፈተው ሊሴ ገብረማርያም የሚባለው የፈረንሳይ ትምህርት ቤትም በደጃዝማች ገብረማርያም ስም ነው የተጠራው። ልዕልት ተናኘወርቅ ከስደት ተመለሱ። ልጃቸው እስክንድር ደስታ የባሕር ኃይል ሪር አድሚራል ሆኑ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ከስድሳዎቹ ባለሥልጣናት ጋር ያለ ፍርድ በደርግ ተረሸኑ። አያት ዓድዋ፣ አባት መስቃን፣ ልጅ አዲስ አበባ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የገደለው ጠላት ነበር፤ ሦስተኛውን የገደለው የገዛ አገሩ መንግሥት ነው። ልዕልት ተናኘወርቅ ይህንን ሁሉ አይተው፣ ራሳቸውም ዓመታት ታስረው፣ በ1995 ዓ.ም. አረፉ።

ውድ አድማጮቻችን፣ የአሰላና የበቆጂን ሯጮች ስም ዓለም ሁሉ ያውቃል፤ ልጆቻችንም በትክክል ይጠሩታል። ያኮራል። የእነዚያን ባለ በሶ ወታደሮች ስም የሚጠራ ግን እየጠፋ ነው። ጦርነቱን በዓይኑ ያየ ሰው ዛሬ አይገኝም ማለት ይቻላል። ከእነርሱ አፍ የሰሙ ልጆቻቸው ግን አሁንም በመካከላችን አሉ፤ እነርሱም አርጅተዋል። በዶዶላ፣ በአዳባ፣ በኮፈሌ፣ በሻላና በዝዋይ ዳር፣ «አያቴ ከራስ ደስታ ጋር ዘምቶ ቀረ»፣ «አባቴ ለደጃዝማች በየነ ሰዎች እህል አቀበለ»፣ ወይም «አባቴ ያን ጊዜ ከጣሊያን ጋር ነበር» የሚል ሰው ካለ፣ ሦስቱም ታሪክ ነው፣ ሦስቱም ይጻፍ። በኦሮምኛም ይሁን በአማርኛ፣ በተነገረበት ቋንቋ ይጻፍ።

የታሪክ መምህራን በተለይ እናንተን ነው የምለምነው። ተማሪዎቻችሁን ወደ ቤታቸው ስትልኩ አንድ ጥያቄ አስይዛችሁ ላኩልን፦ «ከቤተሰባችን ውስጥ በጣሊያን ዘመን የት የነበረ ማን ነው?» መልሱን በደብተር ያምጡ፤ ስሙን፣ መንደሩን፣ የዘመተበትን ግንባር፣ ከተመለሰ የተመለሰበትን፣ ካልተመለሰ የቀረበትን። ደብተሩን ወደ ጣቢያችን ብታደርሱልን በቀጣዩ ዝግጅት ስማቸውን አንድ በአንድ እናነባለን።